የማታው ዳገት፦ ቢከን ሂልን በብስክሌት መውጣት

ከሲያትል መሃል ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው ቢከን ሂል ኮረብታማ ሠፈር ነው። ጠዋት በብስክሌት ወደ ሥራ የሚወርድን ሰው ነፋሱ ፊቱን እየዳሰሰው ቁልቁለቱ ይሸኘዋል፤ ማታ ግን ዳገቱ ይጠብቀዋል። ብዙዎችን ከብስክሌት የሚያርቃቸው ይኸው የማታው ዳገት ነው። ለመሆኑ ምን ያህል ጉልበት ይጠይቃል?

ብስክሌቱና ነጂው በድምሩ 90 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፣ የሚወጡትም ከፍታ 80 ሜትር ነው እንበል። የመሬትን ስበት ለማሸነፍ 71 ሺህ ጁል ያህል ሥራ ያስፈልጋል። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩቡን ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ሰውነት 70 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያወጣል፤ ይህም ከአንድ ቁራሽ ዳቦ የሚገኝ ነው።

እንግዲህ የሚያደክመው ሥራው ሳይሆን ጥድፊያው ነው። ይህንኑ ከፍታ በ5 ደቂቃ ለመውጣት 235 ዋት ያህል ሲያስፈልግ፣ በ10 ደቂቃ ለመውጣት ግማሹ ይበቃል። የማርሽ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ቀላል ማርሽ ጠቅላላውን ሥራ አይቀንስም፤ ፔዳሉ ብዙ ጊዜ እንዲዞር በማድረግ በእያንዳንዱ ዙር እግር ላይ የሚያርፈውን ጫና ያሳንሳል።

ዳገቱን ለማይሻ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የቢከን ሂል ባቡር ጣቢያ አለ። ብስክሌት ይዞ መሳፈር ይፈቀዳል፤ 50 ሜትር ገደማ ከሚጠልቀው ጣቢያም አሳንሰሩ ሽቅብ ያወጣል።

ማታ በጉልበት የተወጣው ከፍታ ግን ከንቱ አይቀርም፤ ጠዋት ቁልቁል ሲወርዱ ፍጥነት ሆኖ ይመለሳል። መንገዱ በዝናብ ሲርስ ታዲያ ፍሬኑን ቀደም ብሎ መያዝ ይገባል።