ከመሪ ወደ ሳይድስቲክ

ሚዛን ተፈሪና ቴፒ የሚገኙበት የደቡብ ምዕራቡ የቡና ምድር ዝናብ የሚበዛበት፣ መንገዱም በጭቃ የሚዘጋ ስለነበር፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ-3 አውሮፕላኖች በአስፋልት ባልተሸፈኑ ሜዳዎች እያረፉ ሰውና ጭነት ያመላልሱበት ነበር። በዲሲ-3 ላይ በአብራሪው ፊት የቆመው መሪ በክንፍና በጅራት ላይ ካሉት ተንቀሳቃሽ አካላት ጋር የተያያዘው በብረት ገመድ በመሆኑ፣ የነፋሱ ግፊት በገመዱ ተመልሶ እስከ አብራሪው መዳፍ ይደርስ ነበር፤ በተራሮች መካከል ዞሮ አጭር ሜዳ ላይ ለሚያርፍ ሰው ይህ ግፊት ከመሣሪያ ንባብ አይተናነስም።

አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2016 ከአፍሪካ የመጀመሪያ ሆኖ ኤርባስ ኤ350ን ሲረከብ፣ በቦይንግ አውሮፕላኖች ላይ ለቆዩት አብራሪዎች አዲስ የሆነው ፍላይ ባይ ዋየር፣ ማለትም የአብራሪውን ትእዛዝ በኮምፒዩተርና በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያስተላልፈው ሥርዓት፣ አልነበረም፤ ቦይንግ 777ም ሆነ 787 ይህንኑ ይጠቀማሉ። ልዩነቱ ቦይንግ መሪውን እንዳለ ሲያቆይ ኤርባስ ግን እ.ኤ.አ. በ1987 ለመጀመሪያ ጊዜ ከበረረው ኤ320 ጀምሮ ከመቀመጫው ጎን በምትተከል አጭር ዘንግ፣ በሳይድስቲክ፣ መተካቱ ነው።

ዘንጓን መያዝ በራሱ ቀላል ነው፤ የሚከብደው እጅ የለመደውን ማስረሳት ነው። በቦይንግ አውሮፕላኖች ፍጥነት ሲለወጥ አብራሪው መሪውን እየገፋ ወይም እየሳበ ትሪም የሚባለውን የግፊት ማመጣጠኛ ያስተካክላል፤ በኤ350 በመደበኛው የአሠራር ሁኔታ ኮምፒዩተሩ ይህን ራሱ ይሠራል። ዘንጓ ወደ ጎን ስታዘነብል የምትጠይቀው ክንፉ የሚያዘነብልበትን ፍጥነት እንጂ የማዘንበያውን ልክ ስላልሆነ፣ እስከ 33 ዲግሪ ድረስ ዘንጓ ስትለቀቅ አውሮፕላኑ ባለበት ማዘንበል ይቆያል። ስለዚህም በሲሙሌተር ላይ ሠልጣኙ መጀመሪያ የሚማረው ትንሽ ነክቶ መልቀቅን ነው፤ በመሪ የሠለጠነ እጅ ግን ያለማቋረጥ ማረም ስለለመደ አውሮፕላኑን ያወዛውዛል።

ከዚህ ይልቅ ሊተኮርበት የሚገባው ሌላ ነገር አለ። የሁለቱ አብራሪዎች መሪዎች አብረው ስለሚንቀሳቀሱ አንዱ የሚያደርገውን ሌላው ያየዋል፤ የኤርባስ ዘንጎች ግን አልተያያዙም። ሁለቱም አብራሪዎች በአንድ ጊዜ ካንቀሳቀሷቸው ትእዛዞቹ ይደመሩና «ዱዋል ኢንፑት» የሚል የድምፅ ማስጠንቀቂያ ይሰማል፤ በዘንጓ ላይ ያለውን ቀይ ቁልፍ የተጫነው አብራሪም ቅድሚያውን ይወስዳል። እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2009 ከሪዮ ዲ ጄኔሮ ወደ ፓሪስ ሲበር የነበረው የኤር ፍራንስ ኤ330 አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ወድቆ 228 ሰዎች ባለቁበት አደጋ፣ በቀኝ የተቀመጠው አብራሪ ክንፉ የመሸከም አቅሙን ካጣ በኋላም ዘንጓን በአብዛኛው ወደ ኋላ እንደሳበ መቆየቱን የበረራ መዝጋቢው አሳይቷል። የተያያዘ መሪ ቢኖር ውጤቱ ይለወጥ ነበር ወይ የሚለው ክርክር አልተዘጋም፤ ቁጥጥርን በግልጽ ቃል መስጠትና መቀበል ግን በኤርባስ ሥልጠና እንደ ወግ ብቻ የማይታይበት ምክንያት ከዚህ ይገባል።

የቀረው የእጅ ጉዳይ ነው። ረዳት አብራሪው በቀኝ መቀመጫ ላይ ሳለ ዘንጓን በቀኝ እጁ ይይዛል፤ ካፒቴን ሆኖ ወደ ግራው መቀመጫ ሲዛወር ደግሞ ዘንጓን ለግራ እጁ፣ የሞተር ኃይል መቆጣጠሪያውን ለቀኝ እጁ ማስለመድ ይኖርበታል።