ደስታ ጥፋት ነውን? በአሜሪካ እግር ኳስ ነጥብ አስቆጥሮ መጨፈርን ስለ መቅጣት



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አንድ ባለሙያ ተጫዋች ነጥብ አስቆጥሮ ቢጨፍር፣ ቢዘል፣ ከጓዶቹ ጋር ክብ ሠርቶ ቢደሰት ሊቀጣ ይገባዋልን? ጥያቄው ግን ከሜዳው ወሰን አልፎ ይሄዳል። ደንብ የሚወጣው ጉዳትን ለመከላከል ነው ወይስ ለባለሥልጣን ዓይን የማያምረውን ለማስቀረት? ደንቡን የሚያስፈጽመው ሰው በቅጽበት ሊለየው የማይችለውን ነገር እንዲለይ ከታዘዘ፣ ፍርዱ ፍትሐዊ ሊሆን ይችላልን? ለማስረጃነት የአሜሪካን እግር ኳስ የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የዚያ አገር ብሔራዊ ሊግ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ደስታን ሲከለክል፣ ሲፈቅድ፣ መልሶ ሲከለክልና መልሶ ሲፈቅድ ኖሯል። ስለዚህ የእያንዳንዱን መንገድ ውጤት መመዘን እንችላለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለጨዋታው እንግዳ ለሆናችሁ አስቀድሜ ጥቂት ላብራራ። በዚህ ጨዋታ ኳሱ በአብዛኛው በእጅ ይያዛል። አንድ ተጫዋች ኳሱን ይዞ የተጋጣሚውን የግብ መስመር ካለፈ፣ ወይም ከመስመሩ ባሻገር ባለው ክልል ውስጥ የተወረወረለትን ኳስ ከቀለበ፣ «ተችዳውን» አስቆጠረ ይባላል፤ ለቡድኑም 6 ነጥብ ያስገኛል። ቀጥሎ ቡድኑ ተጨማሪ ነጥብ የመሞከር ዕድል አለው። ኳሱን በእግር መትቶ በምሰሶዎቹ መካከል ቢያሳልፍ 1፣ ሮጦ ወይም አቀብሎ እንደገና ወደ ክልሉ ቢያስገባ 2 ነጥብ ያገኛል። በዚህ ጨዋታ ርቀት ማለት ገንዘብ ማለት ነው፤ ቡድኖች ለእያንዳንዷ ያርድ ይታገላሉ። ከስፖርታዊ ጨዋነት የወጣ ድርጊት ቅጣት 15 ያርድ ነው፤ በእኛ መለኪያ ወደ 14 ሜትር ይጠጋል። ይህን ቁጥር በልባችሁ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። የነጥብ ደስታ የተወለደው፣ የሚያስገርመው፣ ከክልከላ ነው። በ1960ዎቹ አንዳንድ ተጫዋቾች ተችዳውን ሲያስቆጥሩ ኳሱን ወደ ተመልካቹ ይወረውሩ ነበር፤ ሊጉም በዚህ ላይ የገንዘብ መቀጮ ጣለ። በ1965 የኒው ዮርክ ጃይንትሱ ሆመር ጆንስ ነጥብ አስቆጥሮ ኳሱን ወደ ተመልካቹ በመወርወር ፈንታ በሙሉ ኃይሉ ወደ መሬት ወረወረው። ዛሬ በየሜዳው የሚታየው ይህ ልማድ ከዚያ ይጀምራል። በ1973 የካንሳስ ሲቲ ቺፍሱ ኤልሞ ራይት በግብ ክልሉ ውስጥ ጉልበቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ረገጠ፤ በሊጉ የመጀመሪያው ጭፈራ የሚባለው ይህ ነው። በቀጣዩ ዓመት የሂውስተን ኦይለርሱ ቢሊ ጆንሰን በጭፈራው ዝነኛ ሆነ።

በ1980ዎቹ ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። የዋሽንግተን ቡድን ተጫዋቾች በግብ ክልሉ ውስጥ ክብ ሠርተው በአንድነት ዘልለው እጅ ለእጅ መማታት ጀመሩ፤ በ1983 የዳላስ ተጫዋቾች ይህን ለማስተጓጎል መካከላቸው ገብተው ግብግብ ተፈጠረ። በዚያው ዓመት የኒው ዮርክ ጄትሱ ማርክ ጋስቲኖ የተጋጣሚውን ኳስ አቀባይ በጣለ ቁጥር የሚጨፍረው ጭፈራ ወደ ድብድብ አምርቶ ነበር። ሊጉም በ1984 የተጋነነና አስቀድሞ የታቀደ ደስታን ከለከለ። ክልከላው ግን ጭፈራውን አላጠፋውም፤ ቦታውን አዛወረው እንጂ። በ1993 የግሪን ቤይ ፓከርሱ ለሮይ በትለር ነጥብ አስቆጥሮ ወደ ተመልካቹ መቀመጫ ዘለለ፤ ይህ ዝላይ የከተማው ባህል ሆነ፤ ደንቡ በኋላ ሲጠብቅም ሳይነካ ቀረ። በ2003 የኒው ኦርሊንስ ሴንትሱ ጆ ሆርን በግብ ምሰሶው መሸፈኛ ውስጥ የተደበቀ ስልክ አውጥቶ ሲደውል ታየ፤ 30,000 ዶላር ተቀጣ። በ2006 ሊጉ ማናቸውንም ዕቃ መጠቀምንና ለደስታ ብሎ መሬት ላይ መውደቅን ከለከለ። በመጨረሻም በግንቦት 2017 ኮሚሽነሩ ሮጀር ጉዴል ደንቡ መላላቱን አስታወቁ። ኳሱን መጠቀሚያ ማድረግ፣ በቡድን መደሰትና መሬት ላይ መተኛት ተፈቀደ። ተጋጣሚን ያነጣጠረ፣ ነውር ያለበት ወይም የጦር መሣሪያን የሚያስመስል ምልክት፣ እንዲሁም ጨዋታውን የሚያዘገይ ድርጊት እንደተከለከለ ቀረ።

ለመቅጣት የሚቀርቡት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱንም በአክብሮት ልንመለከታቸው ይገባል።

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ደስታው ከረዘመ ጨዋታው ይዘገያል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሰዓትን ችግር ሰዓት ይፈታዋል። ለማዘግየት የራሱ ደንብና የራሱ ቀላል ቅጣት አለ። ስለዚህ ይህ ምክንያት ረጅም ደስታን እንጂ ደስታን በራሱ ለመቅጣት አያበቃም።

ሁለተኛው ጠብ ነው። በ1983 እንደታየው ጭፈራ ተሸናፊውን ሊያስቆጣ ይችላል። በመጨረሻ አቅሙ በሚጋጭ ሰው መካከል ቁጣ አደገኛ ነው፤ አጥንት ይሰብራል። ይህ ምክንያት ከባድ ነው። ሆኖም ለጓደኛ፣ ለተመልካች ወይም ለራስ የሚደረግ ደስታ አለ፤ በወደቀ ተጋጣሚ ፊት ቆሞ መሳለቅም አለ። ልዩነቱን የሚያሳየን የራሳችን የገና ጨዋታ ነው። በዚያ ጨዋታ አሸናፊው ወገን ተሸናፊውን በግጥም ይወርፋል፤ ልማዱም ጌታ እንኳ በዕለቱ እንዳይቆጣ ያዝዛል። ይህ የሚሆነው ሁለቱም ወገኖች ልማዱን አውቀው ስለገቡበት ነው። ስለዚህ አንድ ድርጊት ስድብ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው እንቅስቃሴው ብቻ ሳይሆን ወደ ማን እንደተሰነዘረና ተጫዋቾቹ ራሳቸው እንዴት እንደሚረዱት ጭምር ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ትሕትና ነው። በአሠልጣኞች ዘንድ የተለመደ ምክር አለ፤ ነጥብ ስታስቆጥር ከዚህ በፊትም የደረስህበት ቦታ እንደሆነ ሆነህ ታይ ይላል። የዲትሮይት ላየንሱ ባሪ ሳንደርስ ለዚህ ምሳሌ ነው። ከጨዋታው ታላላቅ ሯጮች አንዱ ሲሆን፣ ነጥብ ባስቆጠረ ቁጥር ኳሱን በጸጥታ ለዳኛው ሰጥቶ ይመለስ ነበር። ይህ የሚያስከብር ጠባይ ነው። ነገር ግን የሚያስከብረው ለምንድን ነው? መጨፈር እየቻለ ስላልጨፈረ ነው። ሁሉም በመቀጮ ፍርሃት ዝም ቢል ኖሮ የሳንደርስን ዝምታ ማንም ባላስተዋለው ነበር። በግዴታ የመጣ ትሕትና ታዛዥነት ነው፤ ትሕትና አይባልም።

እስከዚህ በመርህ ተናገርን፤ ደንቡ በተግባር ሲውል ምን እንደሆነ ደግሞ እንይ።

በመስከረም 2014 የካንሳስ ሲቲው ሁሴን አብዱላህ የኒው ኢንግላንድን ኳስ ቀምቶ ተችዳውን አስቆጠረ፤ በግብ ክልሉም በጉልበቱ ተንሸራትቶ በእስልምና ሥርዓት ሰገደ። ዳኛው መሬት ላይ መውደቅን በሚከለክለው ደንብ መሠረት 15 ያርድ ቀጣው። ከዚያ በፊት በ2011 ቲም ቲቦው በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ሲጸልይ በመላው አገር ዝነኛ ሆኖ ነበር እንጂ አልተቀጣም። በማግስቱ ሊጉ አብዱላህ መቀጣት እንዳልነበረበት አስታወቀ። ዳኛው ክፉ አሳቢ ነበር ለማለት አይደለም። ደንቡ ስግደትን ከጭፈራ በቅጽበት እንዲለይ አዘዘው፤ እርሱም ዓይኑ በለመደው መጠን ፈረደ። ዓይን ያልለመደው ደስታ ጥፋት ሆኖ የሚታይበት ደንብ፣ ሸክሙን ሁልጊዜ የሚጭነው ጥቂቶች በሆኑት ላይ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ጨዋታ፣ ባለሙያዎች ባይሆኑም፣ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። በመስከረም 2008 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ጄክ ሎከር 2 ሰከንድ ሲቀረው ተችዳውን አስቆጥሮ ውጤቱን 28 ለ 27 አደረሰ፤ በደስታም ኳሱን ወደ ላይ ወረወረ። ቡድኑ 15 ያርድ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ አቻ የሚያደርገው ምት ከሩቅ ተመትቶ በተከላካይ ተገታ። በታኅሣሥ 2010 ደግሞ የካንሳስ ስቴቱ አድሪያን ሂልበርን ነጥብ አስቆጥሮ ለተመልካቹ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠ። ቡድኑ 36 ለ 34 እየተመራ አቻ ለመሆን የሚያስፈልገውን 2 ነጥብ ከ15 ያርድ ተጨማሪ ርቀት ለመሞከር ተገደደ፤ አልተሳካለትም። ማንም አልተሰደበም፤ ማንም አልተጎዳም።

ቀደም ሲል በልባችሁ ያዙልኝ ያልሁት ቁጥር እዚህ ላይ ይመጣል። የተጋጣሚን የፊት መከላከያ ብረት ይዞ አንገቱን መጠምዘዝ የሚያስከትለው ቅጣት 15 ያርድ ነው። ያለ አግባብ በኃይል መግጨትም እንዲሁ። ሰላምታ መስጠትና የሰው አንገት መጠምዘዝ በአንድ ሚዛን ሲመዘኑ፣ ሚዛኑ ራሱ ተዛብቷል። ከዚህም በላይ ቅጣቱ የሚያርፈው በጨፈረው ላይ ብቻ ሳይሆን ባልጨፈሩት ጓደኞቹም ላይ ነው።

በእኛ ዘንድ የሚዘወተረው እግር ኳስም ከዚህ አላመለጠም። ከ2004 ጀምሮ ጎል አስቆጥሮ ማልያ ያወለቀ ተጫዋች ቢጫ ካርድ ያያል። በ2010 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አንድሬስ ኢኒዬስታ የሞተ ወዳጁን የሚያስታውስ ጽሑፍ ለማሳየት ማልያውን አውልቆ ካርድ ተሰጠው። በ2022 የካሜሩኑ ቪንሰንት አቡበከር ብራዚል ላይ ጎል አስቆጥሮ ማልያውን ሲያወልቅ፣ ቀድሞ ካርድ ነበረበትና ከሜዳ ወጣ፤ ዳኛው ፈገግ ብሎ ጨብጦት ነው ቀዩን ያሳየው። ይህ ደንብ አንድ ብርታት አለው፤ ግልጽ ነው። ማልያው ወልቋል ወይም አልወለቀም፤ ዳኛው ልብ መመርመር አይጠበቅበትም። ጉድለቱ ምን ጉዳት እንደሚከላከል ለማስረዳት አስቸጋሪ መሆኑ ነው። የአሜሪካው የቀድሞ ደንብ በተቃራኒው ዓላማ ነበረው፤ ግልጽነት ግን ጎደለው። መልካም ደንብ ሁለቱንም ይሻል፤ ጉዳትን ያነጣጥር፣ ድንበሩም ለማንም ዓይን ይታይ።

«እንግዲያውስ መሳለቅን ብቻ እንቅጣ፤ ነገሩ አለቀ» የሚል ይኖራል። እኔም ወደዚያ አዘነብላለሁ፤ ሆኖም አልቆ አላለቀም። በኅዳር 2021 የቺካጎ ቤርሱ ካሲየስ ማርሽ የፒትስበርግን ኳስ አቀባይ ከጣለ በኋላ ወደ ተጋጣሚው መቀመጫ ጥቂት እርምጃ ሄዶ በማፍጠጡ በመሳለቅ ተቀጣ። በቅጣቱ ማጥቃቱን የቀጠለው ፒትስበርግ 3 ነጥብ አገኘ፤ ጨዋታውም በ2 ነጥብ ልዩነት፣ 29 ለ 27፣ በፒትስበርግ አሸናፊነት ተጠናቀቀ። ማፍጠጥ መሳለቅ ከሆነ፣ መሳለቅ የሚለው ቃልም ያለ ገደብ ሊለጠጥ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ ደስታ በራሱ ጥፋት አይሁን። ሁለተኛ፣ በጨዋታው ውስጥ የሚያስቀጡት ድርጊቶች በዓይን የሚታዩና በስም የተዘረዘሩ ይሁኑ፤ በወደቀ ተጫዋች ላይ መቆም፣ ኳስ ወደ ተጋጣሚ መወርወር፣ የማረድ ወይም የመተኮስ ምልክት ማሳየት። ሦስተኛ፣ አጠራጣሪ የሆነው ሁሉ ከጨዋታው በኋላ በእርጋታ ይመርመር፤ ቅጣትም ካስፈለገ በግለሰቡ ላይ ይረፍ እንጂ የቡድኑን ውጤት አይለውጥ። አራተኛ፣ ዝርዝሩ ሲወጣ ተጫዋቾቹ ድምፅ ይኑራቸው፤ ስድቡን ከቀልዱ ለይተው የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

ልቅነት ይመጣል ብለው ለሚሰጉ አንድ ነገር ላስታውሳቸው። ጨዋታው ራሱ ዳኛ አለው። በጥር 1993 በሱፐር ቦውል የዳላስ ካውቦይሱ ሊዮን ሌት ኳሱን ይዞ ወደ ግብ መስመሩ ሲቃረብ፣ ገና ሳይደርስ ኳሱን ዘርግቶ መደሰት ጀመረ። ቡድኑ 52 ለ 17 እየተሸነፈ ያለው የቡፋሎው ዶን ቢቢ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ከኋላው ሮጦ ኳሱን ከእጁ መትቶ አስጣለው። ያለ ጊዜው ለሚመጣ ደስታ ከዚህ የበለጠ ቅጣት ምንም ደንብ ሊያወጣ አይችልም። በጊዜው ለመጣው ደስታ ግን፣ ሰው ዓመት ሙሉ ለፍቶ የደረሰበት ቅጽበት ነውና፣ ማንንም እስካልጎዳ ድረስ ለባለቤቱ እንተውለት።