የኤሊ መድኃኒትና ቴርሞሜትር

ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ባሕር ዳር፣ በጣና ዳርም ቢሆን፣ የጥር ሌሊት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሊወርድ ይችላል። በግቢ የምትኖር ኤሊም አብራ ትቀዘቅዛለች፤ እንደ እኛ የሰውነቷን ሙቀት ከውስጥ ጠብቃ አታቆይምና። ሰውነቷ ሲቀዘቅዝ የኬሚካላዊ አጸግብሮቶች ፍጥነት ይቀንሳል፤ የኩላሊቷ ሥራም እንዲሁ። በ1990 እ.ኤ.አ. በሰሜን አሜሪካ የየብስ ኤሊዎች ላይ ተደርጎ የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ አሚካሲን የተባለው ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት በ20 ዲግሪ በሰውነት ውስጥ የሚቆየው በ30 ዲግሪ ከሚቆየው እጥፍ ለሚጠጋ ጊዜ ነው። ይህ መድኃኒት ሲጠራቀም ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። እንግዲህ «በየስንት ሰዓቱ ይሰጣት?» ለሚለው ጥያቄ ያለ ቴርሞሜትር መልስ አይገኝም። የእንስሳት ሐኪሞች ታማሚዋን አስቀድመው የሚያሞቋትም በዚሁ ምክንያት ነው። የከብትና የበግ ጥገኛ ትላትል የሚወገድበት አይቨርሜክቲን ግን፣ በየትኛውም የሙቀት መጠን ቢሆን፣ ለኤሊ አይሰጥም፤ ሽባ አድርጎ ሊገድላት ይችላል።