ፒያኖ በወረቀት፣ ማሲንቆ በሸክላ

እ.ኤ.አ. በ1904 ቬልቴ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ የፒያኖ ተጫዋቾችን ጨዋታ በወረቀት መቅዳት ጀመረ። ቁልፍ ሲነካ ወረቀቱ ላይ ምልክት ይቀራል፤ ምልክቱ ይበሳል፤ በቀዳዳው የሚያልፈው አየር ሌላ ፒያኖ ያስመታል። ተጫዋቹ ሳይኖር ፒያኖው ብቻውን ይጫወታል!

ታዲያ ይህ ለማሲንቆ ይሆናል ወይ? አይሆንም። የፒያኖ ድምፅ በየቁልፉ የተለያየ ነው፤ የማሲንቆ ጭራ ግን ጣት በተንሸራተተ ቁጥር ድምፁ ይለወጣል። ዘፈኑንስ በየትኛው ቀዳዳ እንበሳዋለን?

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1908 ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ጀርመን የላኳቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ዘፈናቸውን ያስቀዱት በሸክላ ነው። ያኔ ማይክሮፎን የለ፤ ትልቅ ጡሩምባ ፊት ሆኖ ጮክ ብሎ መዝፈን ነው። ንዝረቱ መርፌውን ያነቃንቃል፤ መርፌው ሰሙን ይጭራል፤ ከሰሙ ላይ ሸክላ ይታተማል። ፒያኖ እኮ በዚህ መንገድ ሲቀዳ ድምፁ ይቀጥናል፤ ወረቀቱም የተወደደው ለዚሁ ነው። የነጋድራስ ሸክላ ግን ቢንኮሻኮሽም ትንፋሻቸውን ጭምር ይዟል፤ ወደ ሲዲ ተገልብጦ ዛሬም ይደመጣል።