ቤት የሚያበራ ፒካፕ

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 አጋማሽ ቴክሳስን ያልለመደችው ብርድ መታት። የጋዝ መስመሮች በረዶ ያዛቸው፣ የኃይል ማመንጫዎች ተራ በተራ ቆሙ፣ ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና የንግድ ድርጅቶች መብራት አጡ፤ ብዙዎቹ ለቀናት ጨለማ ውስጥ ቆዩ። በዚያው ሳምንት ጥቂት ሰዎች ደጃቸው ላይ ከቆመ ፒካፕ ገመድ ስበው ፍሪጃቸውን፣ መብራታቸውንና የማሞቂያቸውን ማራገቢያ አስነሱ። መኪናው ከወራት በፊት ገበያ ላይ የዋለው የፎርድ ኤፍ-150 ፓወርቡስት ሃይብሪድ ነበር። ወሬው ሲዛመት ፎርድ በቴክሳስ ያሉ ሻጮቹ በእጃቸው የሚገኙትን እነዚህን መኪኖች ለተቸገሩ ሰዎች እንዲያውሱ ጠየቀ። ለግንባታ ሠራተኛ መጋዝና መሰርሰሪያ ተብሎ የተገጠመ ሶኬት ቤተሰብን ከብርድ አወጣ።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በዳላስና በሂውስተን የሚኖረው ሐበሻ ብዙ ነው። በጁን 2012 መጨረሻ የዋሽንግተንን አካባቢ የመታው ኃይለኛ ነፋስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን በጠራራ ሙቀት ያለ መብራት አስቀርቷል። በጁላይ 2024 ሃሪኬን ቤሪል ሂውስተን ሲደርስ ደግሞ መብራት የጠፋባቸው ደንበኞች ከ2.2 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ወይም በኦክስጅን መሣሪያ የሚተነፍስ አዛውንት ላለበት ቤት እንዲህ ያለው ቀን የሞት የሽረት ጉዳይ ነው።

ቤትን በመኪና የማብራት ሐሳብ የፈለቀው ከአሜሪካ አይደለም። በማርች 2011 ርዕደ መሬትና ሱናሚ ጃፓንን መትቶ የፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ አደጋ ከደረሰ በኋላ፣ ኒሳን በ2012 ሊፍ የተባለችውን የኤሌክትሪክ መኪና ከቤት መስመር ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ ለጃፓን ገበያ አቀረበ። የሊፍ ባትሪ የሚይዘው 24 ኪሎዋት ሰዓት ነበር። አሜሪካኖች ሐሳቡን ወደ ፒካፕ ሲያመጡት ባትሪው ከአምስት እጥፍ በላይ አደገ። የፎርድ ኤፍ ተከታታይ ከ1977 ጀምሮ በአሜሪካ በሽያጭ ቀዳሚው የጭነት መኪና ነውና፣ አዲስ ነገር ወደ ብዙኃኑ ደጃፍ የሚደርሰው በፒካፕ ነው። በነገራችን ላይ እኛ ፒካፕ ሲባል በዓይናችን የሚመጣው ሃይሉክስ አሜሪካ ውስጥ አይሸጥም። በ1964 በአውሮፓ የዶሮ ሥጋ ንግድ ጠብ ሰበብ ከውጭ በሚገቡ ቀላል የጭነት መኪኖች ላይ የተጣለው 25 በመቶ ቀረጥ እስከ ዛሬ ገበያውን ለአገር ውስጥ አምራቾች አጥሮ ይዞታል።

መኪኖቹን ለማወዳደር ሁለት ቁጥሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ ሻጮችም ገዢዎችም አዘውትረው ያደባልቋቸዋል። ኪሎዋት መኪናው በአንድ ጊዜ ምን ያህል ኃይል መስጠት እንደሚችል ይነግረናል፤ ኪሎዋት ሰዓት ደግሞ በጠቅላላው ምን ያህል እንዳጠራቀመ። ግቢ ውስጥ ያለ ሮቶ ብናስብ፣ የመጀመሪያው የቧንቧው ስፋት፣ ሁለተኛው ሮቶው የያዘው ውኃ ነው። ትልቅ ባትሪ ይዞ በቀጭን ሶኬት ብቻ የሚያቀብል መኪና ስልክና መብራት ያቆያል እንጂ ቤት አያስተዳድርም። ሪቪያን አር1ቲ በ2021 የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ፒካፕ ሆኖ ገበያ ሲገባ እንዲህ ነበር፤ እጅግ የተዋጣለት መኪና ሆኖ ሳለ ሶኬቶቹ 120 ቮልት፣ አቅማቸውም 1.5 ኪሎዋት ያህል ብቻ ነበር።

ቤት ውስጥ ያለው ፍላጎትስ? ፍሪጅ በቀን ከ1.5 እስከ 2 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል። በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ ሙቀቱን ከጋዝ ያግኝ እንጂ አየሩን የሚገፋው ማራገቢያ ወደ ግማሽ ኪሎዋት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ለዚህ ነው በክረምት መብራት ሲጠፋ ጋዝ እያለ ቤት የሚቀዘቅዘው። ከባዶቹ የኤሌክትሪክ ውኃ ማሞቂያ፣ ምድጃ፣ የልብስ ማድረቂያና ማዕከላዊ የአየር ማቀዝቀዣ ናቸው። ውኃ ማሞቂያው ብቻውን 4.5 ኪሎዋት ይስባል። ማዕከላዊው ማቀዝቀዣ ደግሞ ለሥራው ከሚፈልገው ይልቅ ሲነሳ በቅጽበት የሚጎትተው ይበልጣልና የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለቤት ወደሚሆነው የሚቀይረውን ኢንቨርተር፣ ደካማ ከሆነ፣ ያጠፋዋል። እንጀራ ለሚጋገርበት ቤት አንድ ነገር ልጨምር፦ በአሜሪካ ተራ ሶኬት የሚሠራው የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 1.5 ኪሎዋት ይወስዳል። ከፍሪጁና ከማሞቂያው ማራገቢያ ጋር አብሮ ቢሠራ 2.4 ኪሎዋት ብቻ የሚሰጥን መኪና ጫፍ ያደርሰዋል፤ 7.2 ኪሎዋት የሚሰጥ ግን አይሰማውም።

የፓወርቡስት ሃይብሪድ ራሱ ያለው ባትሪ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ኃይሉ የሚመጣው ከቤንዚን ነው፤ ሞተሩ ባትሪው ሲጎድል ተነስቶ ይሞላና ይጠፋል። ከመደበኛው የ2.4 ኪሎዋት መሣሪያ ጋር ይመጣል፤ የ7.2 ኪሎዋቱ ግን ተጨማሪ የሚከፈልበት ስለሆነ አሮጌም ሲገዛ ሶኬቶቹን በዓይን አይቶ ማረጋገጥ ይገባል። የ240 ቮልቱን ሶኬት ጭነት ክፍሉ ላይ ካላያችሁ መሣሪያው የለም ማለት ነው። ፎርድ እንደሚለው ታንኩ ሙሉ ከሆነ በ7.2 ኪሎዋት ሙሉ ጭነት እስከ 32 ሰዓት ይሠራል። ቤት ሁልጊዜ በሙሉ ጭነት ስለማይሠራ በተግባር ቀናት ይሆናል። ትልቁ ጥቅሙ ነዳጅ ማደያ ክፍት እስከሆነ ድረስ አለማለቁ ነው።

በአፕሪል 2022 ዲርቦርን ላይ መመረት የጀመረው ኤፍ-150 ላይትኒንግ ደግሞ ሌላ ፍጥረት ነው። ትልቁ ባትሪው 131፣ ትንሹ 98 ኪሎዋት ሰዓት ለአገልግሎት ያቀርባል። ለንጽጽር ቴስላ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል የሚሸጠው ፓወርዎል 13.5 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ አንድ ላይትኒንግ ወደ አሥር የሚጠጉ ፓወርዎሎችን ይዞ ይዞራል ማለት ነው። ለቤት የሚያቀብለው እስከ 9.6 ኪሎዋት ነው። የአሜሪካ ቤት በአማካይ በቀን 30 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ለመንዳት ሲሶውን ብታስቀሩ እንኳ ምንም ሳትቆጥቡ ሦስት ቀን ገደማ ትኖራላችሁ። ፍሪጅ፣ ማራገቢያ፣ መብራትና ስልክ ብቻ ለሚል ቤተሰብ ሳምንት አልፎ ይሄዳል። መኪናው ግን ራሱን ነቅቶ ለማቆየትም ኃይል ይበላልና፣ አንዲት አምፖል ለማብራት ሌሊቱን ሙሉ ክፍት መተው ብክነት ነው።

ከሌሎቹ ሸቭሮሌት ሲልቨራዶ ኢቪ በባትሪ መጠን ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነው። በትልቁ ባትሪው ከ200 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይይዛል፤ ከሶኬቶቹ እስከ 10.2 ኪሎዋት ይሰጣል። በዚያው ልክ ከባድና ውድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ለደንበኞች በኖቬምበር 30 ቀን 2023 የተሰጡት የቴስላው ሳይበርትራክ ባትሪ 123 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን ለቤት እስከ 11.5 ኪሎዋት ያደርሳል፤ በአንድ ጊዜ በሚሰጠው ኃይል ከሦስቱ ይበልጣል። መልኩን የወደደውም የጠላውም ይህን ሊክደው አይችልም። ራም በበኩሉ 92 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪና ጎማ ሳያዞር ባትሪ ብቻ የሚሞላ ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ያለው ፒካፕ እንደሚያወጣ በ2023 ቢያስታውቅም ቀኑ ሲገፋ ቆይቷል። ፎርድም በዲሴምበር 2025 በባትሪ ብቻ የሚሄደውን ላይትኒንግ ማምረት ማቆሙን፣ ተተኪውም ባትሪ የሚሞላ የነዳጅ ሞተር እንደሚኖረው ገልጿል። ለመጠባበቂያ ኃይል ይህ መንገድ ትክክለኛው ይመስለኛል፤ የባትሪን ጸጥታና የቤንዚንን በቀላሉ መተካት አንድ ላይ ያገኛልና።

የመኪናው ምርጫ ከባድ የሚመስለን እስከ ቤቱ ግድግዳ ድረስ ነው፤ እውነተኛው ሥራ ያለው እዚያ ነው። ቀላሉ መንገድ ወፍራም የውጭ ገመድ በመስኮት አስገብቶ ፍሪጁን በቀጥታ መሰካት ነው፤ ለአንድ ሌሊት በቂ ነው፤ የሚያስፈልገውም ጥሩ ገመድ ብቻ ነው። ማሞቂያውና የውኃ ፓምፑ ግን ሶኬት የላቸውም፣ ከብሬከር ሳጥኑ ጋር በሽቦ የተያያዙ ናቸው። እነሱን ለማስነሳት የቤቱን መስመር ከመንገዱ መስመር ሙሉ በሙሉ የሚቆርጥና ወደ መኪናው የሚያዞር ማቀያየሪያ፣ በተለምዶ ትራንስፈር ስዊች የሚባለው፣ የግድ ነው። ሁለት ወንድ ጫፍ ያለው ገመድ ሠርቶ የልብስ ማድረቂያውን ሶኬት መመገብ ነፍስ ማጥፋት ነው። ከቤት የሚወጣው 240 ቮልት ምሰሶው ላይ ያለውን ትራንስፎርመር በተገላቢጦሽ አልፎ 7,200 ቮልት ገደማ ይሆናል፤ የተበጠሰ ሽቦ ሊጠግን የወጣው ሠራተኛም መስመሩ ሞቷል ብሎ ይነካዋል።

ባለሙያ የሚፈተንበት አንድ ስውር ነገርም አለ። የፓወርቡስት ሶኬት የወጣውንና የተመለሰውን ኤሌክትሪክ እያነጻጸረ ልዩነት ሲያይ የሚዘጋ መከላከያ አለው። በአሜሪካ ቤቶች ኒውትራልና የመሬት ሽቦ ዋናው ሳጥን ውስጥ ስለሚገናኙ፣ ከሚመለሰው ኃይል ከፊሉ በመሬት ሽቦው በኩል ይመጣል፤ መኪናውም ሰው ነዝሮት መስሎት ወዲያው ያቋርጣል። ብዙዎች ማቀያየሪያ ካስገጠሙ በኋላ ነው ይህን የሚያውቁት። መፍትሔው የመሬት ሽቦውን መቁረጥ አይደለም፤ ኒውትራሉንም አብሮ የሚያቀያይር ስዊች ከመጀመሪያው ማዘዝ ነው።

የኤሌክትሪክ ፒካፖቹ በሌላ መንገድ ይገናኛሉ። ላይትኒንግና ሲልቨራዶ የባትሪውን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ በባትሪ መሙያው ገመድ መልሰው ይልካሉ፤ ለቤት ወደሚሆነው የሚቀይረው ኢንቨርተር ግድግዳው ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ሥርዓቱ ራሱ ቤቱን ከመንገዱ መስመር ይለያል፤ በጨለማ ራሱን የሚያስነሳበት ትንሽ ባትሪም ፎርድ አብሮ አስቀምጧል። ሳይበርትራክ ግን ኢንቨርተሩን መኪናው ውስጥ ይዟል። ሁሉም ምቹ ናቸው፣ ሁሉም ውድ ናቸው። የሲልቨራዶው አምራች የጂኤም የቤት ማገናኛ ሙሉ ዕቃ ሲወጣ ዋጋው 7,299 ዶላር ነበር፤ የፎርዱ 3,895 ዶላር ነበር፤ የገጣሚው ሒሳብ ለብቻው ነው፤ አሮጌ ብሬከር ሳጥን ያለው ቤት ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይጨምራል። ለኤሌክትሪክ መኪና ይሰጥ የነበረው የ7,500 ዶላር የፌዴራል የግብር ቅናሽም በሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 አብቅቷል።

አሁን ልቤን ወደሚከብደው ነገር ልምጣ። በዚያ የቴክሳስ ብርድ ብርዱ ካልገደላቸው መካከል ጭሱ የገደላቸው ነበሩ። በሂውስተን ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስተው ሊሞቁ ሲሞክሩ ከተጎዱት መካከል የእኛው አገር ሰዎች ነበሩበት፤ ሕይወትም ጠፍቷል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ እንቅልፍ መስሎ ይወስዳል። ሃይብሪድ ፒካፕ ቤንዚን ያቃጥላል፤ ሞተሩ አሁን ጠፍቶ ቢታይ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ራሱ ሊነሳ ይችላልና የጋራዥ በር ክፍት ቢሆንም እንኳ ጋራዥ ውስጥ አይሠራም። ለጄኔሬተር የሚመከረው ከቤት ቢያንስ 20 ጫማ፣ ማለትም ስድስት ሜትር መራቅ ለእሱም ይሠራል፤ የጭስ ማውጫው ከመስኮትና ከበር መዞር አለበት። በዚህ በኩል ባትሪ ብቻ ያለው ፒካፕ የማይካካስ ብልጫ አለው። በር ዘግታችሁ ጋራዥ ውስጥ ብታቆሙት የሚያስወጣው ጭስ የለም። ሕፃናትና አዛውንት ባሉበት ቤት ይህን ከዋጋው በላይ እመዝነዋለሁ።

ወደ አገር ቤት ለሚያስቡም አንድ ቃል። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች፤ የኤሌክትሪክ መኪናው መብዛቱ አይቀርም፤ መብራት መሄዱም አልቀረም። ሆኖም የአሜሪካው ፒካፕ የሚያወጣው 120 እና 240 ቮልት በ60 ኸርዝ ነው፣ የእኛው መስመር 220 ቮልት በ50 ኸርዝ። ለዚያ ከተባለ በ2024 ሜክሲኮ ላይ የተዋወቀው የቢዋይዲ ሻርክ ዓይነት፣ ከሶኬቶቹ እስከ 6.6 ኪሎዋት የሚሰጥ ፒካፕ ይቀርባል፤ የአገር ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 ኪሎዋት በላይ ይጠይቃልና ይህ አቅም ትርጉም አለው።

ለመጠባበቂያ ኃይል ብቻ ብሎ ፒካፕ እንዲገዛ ማንንም አልመክርም፤ በብዙ እጥፍ ያነሰ ገንዘብ ጥሩ ጄኔሬተር ይገዛል። ለሥራው ፒካፕ የሚያስፈልገው፣ ቤቱ የራሱ የሆነ፣ በኮንትራት ሥራ ወይም በጭነት የሚተዳደር ሰው ግን ባለ 7.2 ኪሎዋቱን ሃይብሪድ ኒውትራል ከሚያቀያይር ስዊች ጋር ይያዝ፤ በዋጋና በጥቅም ሚዛኑ እሱ ነው። ቤቱ የኤሌክትሪክ መኪና መሙያ ያለው፣ በየቀኑ ሩቅ የማይነዳ ደግሞ ያገለገለ ላይትኒንግ በትልቁ ባትሪ ይፈልግ። የሃሪኬን ወቅት የሚጀምረው ጁን 1 ነው፤ የከተማ ፈቃድ ማውጣትና ባለሙያ ማግኘት ጊዜ ይወስዳል። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ከአሁኑ ያዙ፤ ገጥሞ ሲጨርስም አየሩ ደህና በሆነ ምሽት ዋናውን ብሬከር አጥፍታችሁ ቤቱን በመኪናው ብቻ አሳድሩት፤ የጎደለው ነገር ያኔ ይታወቅ።