የነዳጅ ዋጋና የገበሬው ጓዳ

«የነዳጅ ጉዳይ የሚመለከተው ባለ መኪናውን ብቻ ነው» የሚል የተሳሳተ አስተሳሰብ በአንዳንዶች ዘንድ ሥር ሰዶ ይታያል። ይህ አስተሳሰብ ከተጨባጩ ሁኔታ ጋር ሲመዘን አይቆምም። በምሥራቅ ጎጃም ባሶ ሊበን ወረዳ፣ በየጁቤ ገበያ ጤፉን የሚሸጠው ገበሬ መኪና የለውም። ሆኖም የነዳጅን ዋጋ ከጓዳው ይከፍላል።

ታሪክም ይህንኑ ያስተምረናል። በ1966 ዓ.ም. የዓለም የድፍድፍ ዘይት ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ያህል ሲንር፣ በአዲስ አበባ ባለታክሲዎች የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ። መንግሥትም በቀናት ውስጥ የቤንዚኑን ጭማሪ በከፊል ለመቀነስ ተገደደ። የነዳጅ ጥያቄ የኑሮ ጥያቄ መሆኑ ያን ጊዜ በአደባባይ ተመሰከረ።

ዛሬስ? አገራችን ነዳጅን የምትገዛው ከውጭ፣ በውጭ ምንዛሪ ነው። የመንግሥት ድጎማ ደረጃ በደረጃ እንዲነሣ በ2014 ዓ.ም. ሲጀመር አንድ ሊትር ናፍጣ 49 ብር ከ02 ሳንቲም ገባ። የብር ምንዛሪ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ ዋጋው 98 ብር ከ98 ሳንቲም ደረሰ። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ይህን በአኃዝ እንመልከተው። በቀን ሃያ ሊትር ናፍጣ የሚፈጅ አንድ ወፍጮ ቢኖር የቀን ወጪው ከ980 ብር ወደ 1 ሺህ 980 ብር ገደማ ከፍ ይላል። ባለ ወፍጮው ይህን ጭማሪ ከኪሱ አይከፍልም፤ በማስፈጫው ዋጋ ላይ ይጨምረዋል። ዶሮና እንቁላል ሸጣ የምታስፈጭ እናት ለጨው፣ ለሳሙናና ለልጇ ደብተር ያሰበችውን ሳንቲም ለወፍጮ ትሰጣለች። ሳንቲሙ ካልበቃም የድንጋይ ወፍጮው ይጠብቃታል፤ ከሸክሙ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው።

ቅራኔው በዚህ አያበቃም። ገበሬው ማዳበሪያና ጨርቅ ሲገዛ የጭነቱ ዋጋ ተደምሮበት ይገዛል፤ ጤፉን ሲሸጥ ደግሞ ነጋዴው ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያደርስበትን ኪራይ ቀንሶ ይከፍለዋል። ሲገዛም ሲሸጥም የነዳጁ ዕዳ በእርሱ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ከቦታ ቦታ በጄሪካን እየቀዳ ከተወሰነው ዋጋ በላይ የሚሸጠው አትራፊ ሲጨመርበት ችግሩ ይባባሳል።

የድጎማው ቅሪት ለሕዝብ ማመላለሻ እንዲውል መታሰቡ ተገቢ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ወፍጮም እንደ አውቶቡስ የሕዝብ አገልግሎት መሆኑ ሊሠመርበት ይገባል። ስለሆነም ሁለት ተግባሮች ይጠብቁናል፤ አንደኛው በየቀበሌው በኅብረት ሥራ የሚተዳደሩ ወፍጮዎችን ማስፋፋትና በጄሪካን የሚካሄደውን ሕገ ወጥ ንግድ መቆጣጠር፣ ሁለተኛውና ዘላቂው ደግሞ ወፍጮውን ከናፍጣ ወደ ኤሌክትሪክ ማሸጋገር ነው።

ዓባይ በባሶ ሊበን ግርጌ ይፈስሳል። በዚሁ ወንዝ ላይ የተገነባው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የግድቡ ብርሃን እውነተኛ ትርጉም የሚያገኘው የየጁቤዋን እናት ከድንጋይ ወፍጮ ሲገላግል ነው ብለን እናምናለን።