ዕቁብ፣ ስልክና የዶክትሬት ማመልከቻ

መርካቶ ካሉት የባንክ ቅርንጫፎች በአንዱ የምትሠራ የብድር ባለሙያ አለች እንበል። በአካውንቲንግ ከተመረቀች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ አሁን አሜሪካ ሄዳ በቢዝነስ ዶክትሬቷን መሥራት ትፈልጋለች። ከማመልከቻው ጋር የሚላከውን «ስቴትመንት ኦፍ ፐርፐዝ» የተባለ ጽሑፍ እንዲህ ብላ ጀመረችው፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለንግድ ትምህርት ልዩ ፍቅር አለኝ። ታታሪ፣ ጠንካራና አገሬን ለማገልገል ቁርጠኛ ነኝ።»

የጻፈችው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ችግሩ ጽሑፉን የሚያነቡት ፕሮፌሰሮች የሚፈልጉት ሌላ መሆኑ ነው።

በአሜሪካ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ፋይናንስ፣ አካውንቲንግ፣ ማርኬቲንግና ማኔጅመንት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የዶክትሬት ተማሪ ይመርጣሉ። አንድ ክፍል በዓመት የሚቀበለው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ሰው ነው። የኤምቢኤ ተማሪ ከፍሎ ይማራል፤ የዶክትሬት ተማሪ ግን በአብዛኛዎቹ ጥሩ ፕሮግራሞች የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፤ አምስት ዓመት ያህል መኖሪያ የሚሆነው ገንዘብም ይሰጠዋል። በምላሹ ከፕሮፌሰሮቹ ጋር ምርምር ይሠራል፣ ያስተምራል። ነገሩ አንድ የእጅ ባለሙያ ተለማማጅ አጠገቡ አስቀምጦ ሙያውን እንደሚያሳየው ነው። ስለዚህ አንባቢዎቹ የሚጠይቁት «ይህቺ ልጅ ጎበዝ ተማሪ ናት ወይ?» ብቻ አይደለም፤ «እስከ ዛሬ ማንም ያልመለሰውን ጥያቄ ይዛ አምስት ዓመት መሥራት ትችላለች ወይ?» ነው። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ወይም የድርጅት ባለቤት መሆን የሚፈልግ ሰው ይህን መንገድ ባይመርጥ ይሻለዋል፤ ፒኤችዲው ተመራማሪና መምህር ማፍሪያ ነውና። ሁለተኛ ዲግሪ ግን ሁሉም ቦታ የግድ አይደለም፤ አውሮፓ በአብዛኛው ይጠየቃል፣ አሜሪካ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ ዲግሪ ማመልከት ይቻላል።

ወደ ባንክ ሠራተኛችን እንመለስ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከጠረጴዛዋ ማዶ ምን አየች? ባንኩ ለብድር ቤት መያዣ ይጠይቃል፤ ጨርቅ ነጋዴው ቤት የለውም። ስለዚህ ዕቁብ ይጥላል፤ ዕጣው ሲወጣለት ዕቃ ያስገባል። ከዚያ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር መጣ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ ያለ መያዣ በስልክ የሚሰጥ አነስተኛ ብድር ጀመረ። እሷም አንድ ነገር ልብ አለች፦ አንዳንዱ ነጋዴ የስልኩን ብድር ወስዶ የሳምንቱን ዕቁብ ይጥልበታል።

ይኸውላችሁ፣ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። በስልክ የሚገኘው ብድር ነጋዴውን ከዕቁቡ ያስወጣዋል ወይስ ዕቁቡን ሳያቋርጥ እንዲጥል ያግዘዋል? መልሱ በግምት አይገኝም፤ ወዲያም ወዲህም ሊሆን ይችላል። በማስረጃ ሊፈተን የሚችል ነው። መልሱ ከመርካቶ ውጭ ላለ ሰውም ይጠቅማል፤ እንደ ዕቁብ ያለ ማኅበር በብዙ አገር አለና።

አሁን ከእሷ በፊት ማን ምን እንዳለ ማንበብ አለባት። ቲሞቲ ቤስሊ፣ ስቲቨን ኮት እና ግሌን ላውሪ እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው ላይ ስለ ዕቁብ መሰል ማኅበራት ኢኮኖሚክስ ጽፈዋል፤ የማኅበሩ አባላት ብቻውን ከሚቆጥብ ሰው ይልቅ ትልቁን ዕቃ ቀድመው መግዛት የሚችሉት ለምን እንደሆነ በሒሳብ አሳይተዋል። ይህን ያነበበች አመልካች «ብድር በስልክ ሲገኝ ያ ጥቅም ምን ይሆናል?» ብላ ከነሱ ቀጥላ ልትጠይቅ ትችላለች። ቀጥላም እንዴት እንደምትለካው ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ትጨምራለች፦ ብድሩን ማግኘት አለማግኘት በደንበኛው የቀደመ እንቅስቃሴ የሚወሰን ከሆነ፣ ለብድሩ ለጥቂት ያለፉትንና ለጥቂት የቀሩትን ነጋዴዎች ማወዳደር ይቻላል። ዕቅዱ ፍጹም መሆን የለበትም፤ ከገባች በኋላ ጥያቄዋን ብትቀይርም ማንም አይቀየማትም። የሚፈለገው እንዴት እንደምታስብ ማየት ነው።

የመጀመሪያውን መግቢያ ከዚህ ጋር አወዳድሩት። «ታታሪ ነኝ» የሚለውን ሺህ ሰው ይጽፈዋል፤ ብድር ወስዶ ዕቁብ የሚጥለውን ነጋዴ ያየችው ግን እሷ ናት።

የት እንደምታመለክት የሚወስነውም ይኸው ጥያቄ ነው። የዩኒቨርሲቲው ስም ገናና ስለሆነ ብቻ ማመልከት ገንዘብ ማባከን ነው፤ የማመልከቻ ክፍያው በአንድ ትምህርት ቤት መቶ ዶላር አካባቢ ነው፣ ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። (ክፍያው እንዲነሣላችሁ በጨዋነት ጠይቁ፤ የሚፈቅዱ አሉ።) የቤተሰብ ፋይናንስ ወይም የታዳጊ አገሮች ገበያ ላይ የሚሠሩ ፕሮፌሰሮች ያሉበትን ክፍል ፈልጉ። ያልታተሙ ጥናቶቻቸው በገጾቻቸው ላይና ኤስኤስአርኤን በተባለው ማከማቻ አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ይገኛሉ። የፕሮፌሰሩን ስም ጠቅሶ ሥራውን አለማንበብ ግን ወዲያው ይታወቃል።

አሁን ልቤን ወደሚያሳዝነው ነገር ልምጣ። ሪኮመንዴሽን። እኛ ዘንድ ተማሪ መምህሩን ሲጠይቅ «ጽፈህ አምጣና እፈርማለሁ» መባል የተለመደ ነው። ብዙ ጎበዝ ልጅ በዚህ ይጎዳል። ሦስት ደብዳቤ ይጠየቃል፤ ሦስቱም በአንድ እጅ ከተጻፉ ቋንቋቸው ይመሳሰላል፣ አንባቢውም ይጠረጥራል። ከዚያም በላይ ደብዳቤውን መምህሩ ራሱ በኢንተርኔት ነው የሚያስገባው፤ ስለዚህ የዩኒቨርሲቲውን ኢሜይል ቢጠቀም ይታመናል። እንግዲህ ምን ይደረግ? መምህሩ ጊዜ ስለሌለው ነውና ሥራውን አቅልሉለት። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን፣ ሲቪያችሁን፣ በሱ ክፍል ያገኛችሁትን ውጤትና አብራችሁ የሠራችሁትን አንድ ነገር በአንድ ገጽ አድርጋችሁ ከሁለት ወር በፊት ስጡት። «ዳታውን ራሷ ከሱቅ ሱቅ ዞራ ሰበሰበች፤ ስሕተቷንም ራሷ አግኝታ ነገረችኝ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ከአንድ ገጽ ሙገሳ ይበልጣል። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ደብዳቤ ቢጨመር አይከፋም፤ ቢያንስ ሁለቱ ግን ምርምር ከሚያውቁ ሰዎች ይሁኑ።

ፋይናንስና አካውንቲንግ ላይ ሒሳብ ይፈተሻል። ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራና ስታቲስቲክስ ትራንስክሪፕቱ ላይ ከሌሉ፣ ከማመልከት በፊት አንድ ዓመት ወስዶ መማር ያዋጣል። ስታታ ወይም አር የተባለውን ሶፍትዌር መልመድም እንዲሁ። ፈተናው ጂአርኢ ወይም ጂማት ነው፤ በተለይ የሒሳቡ ክፍል ይታያል። የጂአርኢ ውጤት 5 ዓመት፣ የቶፍል 2 ዓመት ያገለግላል። በእንግሊዝኛ የተማረን ሰው ከቶፍል ነጻ የሚያደርጉ ትምህርት ቤቶች ስላሉ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

የትራንስክሪፕት ነገር የሚረሳ ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚጉላላው ግን እዚሁ ላይ ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው እጁ ላይ ያለው ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) ብቻ ከሆነና የኮስት ሼሪንግ ክፍያውን ካልጨረሰ፣ ዋናውን ዲግሪና ወደ ውጭ የሚላከውን ትራንስክሪፕት ለማግኘት መጀመሪያ ያንን መዝጋት ይኖርበታል። ይህ በክረምት ይለቅ።

ማመልከቻው በብዛት የሚዘጋው ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር የመጀመሪያ ሳምንት ነው። ከጥር መጨረሻ ጀምሮ አንዳንዶቹ በዙም ያነጋግራሉ። እዚያ ላይ የባንክ ሠራተኛችን «የጠበቅሽው ውጤት ባይገኝስ?» ተብላ ብትጠየቅ አትደንግጥ፤ ጥያቄዋ በሁለቱም በኩል መልስ አለው።

ከተሳካ፣ ከገንዘብ ጋር ለተሰጠ ግብዣ መልስ እስከ ሚያዝያ 7፣ በፈረንጆቹ አፕሪል 15፣ እንድትሰጥ ጊዜ አላት፤ ይህን ቀን ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተስማምተው ያከብሩታል። ሁለት ቦታ ከተጠራች ግን የማትሄድበትን እስከዚያ ቀን ይዛ አትቆይ። አንድ ክፍል የሚወስደው ጥቂት ሰው ነው፤ እሷ «አልመጣም» ባለች ማግሥት ቦታው በተጠባባቂነት ቁጭ ብሎ ለሚጠብቅ ለሌላ ሰው ይደርሳል።